እስከ ደሴ የታሸገ

የመንገድ ላይ ፍተሻ ቀረ የተባለ ጊዜ ሕዝቡ እልል ብሎ ነበር። በየኬላው መውረድ፣ በየኬላው ሻንጣ መዘርገፍ፣ ገመድ በተወጠረበት ሁሉ መታወቂያ ይዞ መሰለፍ አበቃ ተባለ። ከእንግዲህ መንገደኛ የሚፈተሸው አንዴ ብቻ፣ ከሚነሳበት መናኸሪያ ነው። ከተፈተሸ በኋላ መኪናው ይታሸጋል፤ በሩ ላይ ከመድረሻው ከተማ በቀር የትም የማይፈታ ማኅተም ይመታበታል። የታሸገ መኪና ማንም አያስቆመውም። ዘመዶቻቸው ከአውቶቡስ ወርደው በዚያው የቀሩባቸው ሰዎች ይህን ሲሰሙ በደስታ አለቀሱ።

የታሸገ መኪና ማንንም እንደማያወርድ የገባቸው ቆይቶ ነው።

ትርንጎ እስከ ደሴ የታሸገው መኪና ላይ ስትሳፈር አርባዎቹን አጋምሳ ነበር። ኮተቤ የምትኖር ልብስ ሰፊ ናት። ደሴ ላይ ይመር የሚባል አንድ ታናሽ ወንድም አላት፤ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ባለትዳር፣ የሁለት ሴቶች ልጆች አባት ነው። እናትና አባታቸው በአንድ ክረምት ተከታትለው ሲያልፉ ይመር ገና ጥርሱን አልነቀለም ነበር። ልብስ እየሰፋች ያሳደገችው፣ ያስተማረችው፣ የዳረችውም እሷ ናት። አሁን ሁለቱም ኩላሊቶቹ ደክመው በእጥበት ነው የሚኖረው። የትርንጎ ኩላሊት ተመርምሮ ይስማማዋል ተባለ። ቀዶ ሕክምናው ደሴ ሊደረግ ተወስኖ፣ የሚጠበቀው የእሷ መድረስ ብቻ ነበር። ሐኪሞች ቅድሚያ አሰጥተዋት እንኳ የመሳፈር ተራዋ የደረሰው ከብዙ ወር በኋላ ነው።

መኪናው ሹፌር የለውም። የሹፌሩ ወንበር ግን አልተነሳም፤ ከፊት ባዶውን ተቀምጧል። ወንበሩ ከሌለ ሰው አልሳፈርም ስላለ የተተወ ነው ይባላል። የሚናገረው የሴት ድምፅ ነው፤ ተሳፋሪዎቹ «እመቤት» ብለው ሰይመዋታል። እመቤት አትቆጣም፣ አትቸኩልም፤ ለምን ተብላ ስትጠየቅ ግን መልስ የላትም።

ደብረ ብርሃን ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋ።

«ክቡራን መንገደኞች፣ ወደፊት ያለው መንገድ ለጊዜው ዝግ ነው። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን» አለች እመቤት። መኪናው ራሱ ታጥፎ ከከተማው ወጣ ወዳለ ሜዳ ሄደና ከሌሎች የታሸጉ መኪኖች ጎን ተሰለፈ። ሜዳው ማቆያ ይባላል። ትርንጎ በመስኮት አሻግራ ብታይ የሰልፉ መጨረሻ አልታይ አላት።

እዚያው ሰኔ አልቆ ሐምሌ ገባ፤ ሐምሌም አለቀ።

ሰው የማይለምደው የለም። ጠዋት ከመኪናው ሆድ ሥር ቧንቧ ይሰካል፤ ውሃ ይገባል፣ ቆሻሻ ይወጣል። ምግብ በወለሉ በኩል ባለች ጠባብ መዝጊያ ይመጣል፤ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ሲገኝ ደግሞ እንቁላል። ከዚያ የእግር ተራ ይደርሳል። ከፊት ወንበር ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይነሱና ከሹፌሩ ወንበር እስከ ሽንት ቤቱ በር ይመላለሳሉ፤ እግራቸው ያበጠ ሰዎች ሌላ ተራ ይጨመርላቸዋል። በቀኝ በኩል በቆመው መኪና ውስጥ አንዲት እናት ልጇን ፊደል የምታስቆጥረው መስታወቱ ላይ እፍ እያለች በጣቷ በመጻፍ ነበር። ከትርንጎ በኩል ሲታይ ፊደሉ ሁሉ የተገለበጠ ነው።

በግራ በኩል በቆመው፣ እስከ ወልድያ በታሸገው መኪና ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሞቱ። ተሳፋሪዎቹ ለመኪናቸው እመቤት አልተናገሩም። ሬሳ አለ ከተባለ ማኅተሙ ይፈታል፤ ማኅተሙ የተፈታ መኪና ደግሞ እንዳልተፈተሸ ተቆጥሮ ወደ መነሻው ይመለሳል፤ ተሳፋሪው በሙሉ ከወረፋው ጭራ እንደገና ይጀምራል። ስለዚህ ሽማግሌውን በጋቢ ጠቅልለው ከኋላ ወንበር አስቀመጧቸው። ብርዱ ረዳቸው። መስኮቱን በነጠላ ጋርደው፣ አፋቸውን በእጃቸው አፍነው አለቀሱ። የትርንጎ መኪና ሰዎች ይህን ሁሉ አዩ። «ምነው እንዲህ አደረጉ» ያለ አልነበረም።

ከትርንጎ ጎን የተቀመጡት እትዬ ዘሐራ ይባላሉ። ስልሳን ያለፉ፣ መርካቶ በርበሬ ሲነግዱ የኖሩ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ሴት ናቸው። ደሴ ያለችው አንድ ልጃቸው አርግዛለች። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ አስወርዷት ይችኛዋ ብቻ ገፍታላታለች።

«እናቴ ከሌለችበት አልወልድም ብላለች» ይሉ ነበር እየሳቁ። «እኔ ደግሞ ያዢው፣ እስክደርስ እንዳትለቂው ብያታለሁ!»

በደብረ ብርሃን ብርድ ሁለቱ አንድ ብርድ ልብስ ለብሰው ነው የከረሙት። ትርንጎ የእትዬ ዘሐራን ፀጉር ትሠራላቸዋለች፤ እሳቸው ደግሞ እንቁላል በመጣ ቁጥር የራሳቸውን ለእሷ ይሰጧታል። «አንቺ የሁለት ሰው ነው የምትበዪው» ይሏታል፣ እርጉዝ የሆነች ይመስል። ልቧ ሲደክም ጀርባዋን መታ መታ እያደረጉ «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሏታል።

መኪና ማቆያ ከገባ ሰንበት ሲል ተሳፋሪዎቹ የመኪና አባት ይመርጣሉ። ምግቡን የሚያከፋፍል፣ ጠብ የሚያበርድ፣ መዶሻውንም የሚይዝ እሱ ነው። ድሮ በየመስኮቱ ይንጠለጠል የነበረው ቀይ የመስታወት መስበሪያ መዶሻ አሁን በመኪና አንድ ብቻ ነው ያለው፤ እሱንም ቢሆን ተሳፋሪው ተስማምቶ ለአንድ ሰው ያስረክበዋል፤ ሰው ምን ጊዜ ምን እንደሚሆን አይታወቅምና። በዚህ መኪና የተመረጡት ጋሽ ደግፌ ነበሩ። ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ዓይናቸውን ሊታከሙ አዲስ አበባ መጥተው መንገዱ ከኋላቸው ተዘጋባቸውና ሐይቅ ከተማ ያሉትን ሚስታቸውን ካዩ ስድስት ዓመት አልፏቸዋል። መዶሻውን ኮታቸው ውስጥ፣ ደረታቸው ላይ ያስቀምጡታል።

እሑድ እሑድ ማቆያው የስልክ መስመር ይለቃል። በአንዱ እሑድ የይመር ድምፅ ተዳክሞ መጣ።

«ደኅና ነህ ይመርዬ?»

«ደኅና ነኝ። አንቺስ? ብርዱስ?»

«የኔን ተወው። እጥበቱስ?»

ይመር መርፌ የሚገባበት ሥር እጁ ላይም አንገቱ ላይም እየጠፋ እንደሄደ፣ መንገድ ስለተዘጋ የማጠቢያው ዕቃም ሊያልቅ እንደሆነ ነገራት። «ኩላሊቱ ካልተተካልህ መስቀልን አታይም ብሎኛል ሐኪሙ» አለ፤ የተማሪ ውጤት የሚናገር በሚመስል ድምፅ።

ትርንጎ ምን እንደምትለው ጨነቃት። «እኛንማ ወደ አዲስ አበባ ሊመልሱን ነው እየተባለ ነው» አለችው።

«ማን አለ?»

«ሁሉም ነው የሚለው። ግን ወሬ ነው፤ እኔ እንጃ።»

«አይዞሽ» አለ ይመር። «መላ አይጠፋም።»

ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

በሳምንቱ አጋማሽ ላይ ግን፣ ማንም ሳይጠብቅ፣ እመቤት ተናገረች። «ክቡራን መንገደኞች፣ መንገዱ ክፍት ነው። እንኳን ደስ አላችሁ።»

መኪናው በእልልታ ተናወጠ። እትዬ ዘሐራ ትርንጎን አንቀው ሳሟት። ጋሽ ደግፌ ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ማበጠሪያ አውጥተው ባዶ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ራሳቸውን ሲያበጥሩ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እሳቸውም አብረው ሳቁ። ትርንጎ ለይመር ልትደውል ፈልጋ ነበር፤ መኪና መንቀሳቀስ ሲጀምር ግን ስልክ ይሞታል። ግድ የለም አለች በልቧ፤ ዛሬውኑ አየዋለሁ።

ጣርማበር ላይ ጉሙ መሬት ወርዶ ነበር። ወደ ሰሜን የሚወጡትም ከሰሜን የሚመጡትም መኪኖች እዚያ ቆመው ባትሪ ይቀይራሉ። ጎን ለጎን፣ አፍንጫቸውን ወደየመንገዳቸው አድርገው ይቆሙና ከሥራቸው የብረት ክንድ ወጥቶ አሮጌውን ያወጣል፣ አዲሱን ያስገባል። አንድ ሻይ ጠጥቶ ለመነሳት የሚበቃ ጊዜ ነው።

«ድሮ እኮ እዚህ ጋ መስኮት ከፍተን ቆሎ እንገዛ ነበር» አሉ እትዬ ዘሐራ። «ረዳቱ ጣሪያ ላይ ወጥቶ በግ ሲያስር፣ አንዱ ሲያስመልሰው፣ ሌላው ሎሚ ሲያሸት። ያን ጊዜማ እናማርር ነበር።»

ትርንጎ አልሰማቻቸውም። ጉሙ ገለጥ ሲል ከጎናቸው የቆመው መኪና ታይቷት ነበር። ከደሴ የመጣ፣ እስከ አዲስ አበባ የታሸገ ነው። አንድ ሰው ራሱን መስታወቱ ላይ ጥሎ ተኝቷል። ፊቱ አብጧል፤ ቆዳው አመድ መስሏል። አንገቱ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፎበታል። በሁለቱ መኪኖች መካከል ያለው ርቀት ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ነው።

መጀመሪያ የሌላ ሰው መልክ መሰላት። ከዚያ ሹራቡን አየች። አምና ራሷ ሠርታ የላከችለት ነው።

«ይመር!»

መስታወቱን በሁለት እጇ ደበደበችው። ይመር አልተንቀሳቀሰም።

«ምን ሆንሽ? ማን ነው?» አሉ እትዬ ዘሐራ።

«ወንድሜ ነው! ወንድሜ ነው! ወደ አዲስ አበባ እየሄደ ነው!» አለች ትርንጎ፤ ስትናገረው ነው ለራሷም የገባት። ወደ አዲስ አበባ ሊመልሱን ነው ብላው ነበር። እጥበቱ ደሴ ላይ ሲያልቅ፣ መንገዱ እንደተከፈተ፣ ሐኪሞቹ ከወረፋው አስቀድመውት፣ እሷ ወደምትገኝበት ሊመጣ ተሳፈረ። እሷ ደሴ ስትደርስ እሱ አዲስ አበባ ነው። ከደሴ ለመመለስ ደግሞ ሌላ ወረፋ አለ፤ የጋሽ ደግፌ ወረፋ ስድስት ዓመት ፈጅቷል።

ተነስታ ወደ በሩ ሮጠች። «ክፈቺ! እመቤት፣ ክፈቺልኝ! እወርዳለሁ!»

«ክቡራን መንገደኞች፣ እባካችሁ በወንበራችሁ ተቀመጡ» አለች እመቤት።

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች ትርንጎ፣ በሩን በጡጫ እየመታች። «ወራጅ አለ! ወራጅ!»

በዚያ መኪና ውስጥ ይህን ቃል ከሰሙ ብዙ ዘመን የሆናቸው ሰዎች ነበሩ። ልጆቹማ ከነጭራሹ አያውቁትም።

«ይቅርታ፣ ጥያቄዎን አልተረዳሁትም» አለች እመቤት።

ያን ጊዜ ሰዉ ሁሉ ነገሩ ገባው። ዓይኑ ሁሉ ወደ ጋሽ ደግፌ ዞረ፤ ጋሽ ደግፌም እጃቸውን ኮታቸው ላይ አደረጉ።

«ጋሼ፣ መዶሻውን ይስጡኝ» አለች ትርንጎ።

«ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«መስታወት ከተሰበረ ማኅተሙ እንደተፈታ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ ይመልሱናል። ከእሱ እኩል እደርሳለሁ። ኩላሊቱ እኮ እኔ ጋ ነው! እኔ ነኝ የያዝኩት!»

«አዲስ አበባ እጥበት ሞልቷል» አለ ከኋላ አንድ ጎልማሳ። «ይታጠባል፤ እስክትመለሺ ይጠብቅሻል።»

«መርፌ የሚገባበት ሥር የለውም! መስቀልን አያይም ተብሏል!»

«የኔ እናትስ?» አለች አንዲት ወጣት ሴት። «አልጋ ላይ ናት። ልደርስላት ነው የምሄደው። የኔዋ ሰው አይደለችም?»

«እኔ ልጆቼን ካየሁ አራት ዓመቴ ነው» አለ ሌላው።

ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ጀመር። የሚሳደብ አልነበረም። እያንዳንዱ የራሱን ሰው ስም እየጠራ ነበር፤ ስሞቹ እርስ በርስ ተደበላልቀው መኪናውን ሞሉት። ጋሽ ደግፌ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙ።

«የመኪናው ሰው ይወስን። ማኅተሙ ይፈታ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ።»

ከፊት የተቀመጡ ባልና ሚስት ተማሪዎች አወጡ። አንዲት መነኩሲት አወጡ። ሌላ ጥቂት እጅ ወጥቶ፣ ግራ ቀኙን አይቶ ወረደ። ትርንጎ ወደ እትዬ ዘሐራ ዞረች። እትዬ ዘሐራ ተነስተው ከኋላዋ ቆመው ነበር። ሁለቱንም ክንዶቿን ያዟት፤ በእንቁላልና በአንድ ብርድ ልብስ ያከረሟት እጆች ናቸው።

«እትዬ!»

«ልጄ ያንቺ ልጅ ብትሆን ትተያት ነበር?» አሉ እትዬ ዘሐራ፣ እያለቀሱ። «ይህ ሳምንቷ ነው። እኔ ከሌለሁ ማን አላት? ወላሂ አለቅሽም። በኋላ ርገሚኝ።»

ከመኪናው ሥር የብረት ክንዱ ወጥቶ ሲገባ ወለሉ ነዘረ። አሮጌው ባትሪ ወጥቷል።

ትርንጎ መታገል አቆመች። እትዬ ዘሐራ ሰውነቷ ሲላላ ተሰማቸውና እሳቸውም እጃቸውን ላላ አደረጉ። ትርንጎ በመካከለኛው መተላለፊያ ሄዳ በጋሽ ደግፌ እግር ላይ ተደፋች። ጉልበታቸውን አቅፋ ጫማቸውን ሳመች።

«በሚስትዎ። በሞቱብዎት። በእግዜር። ያሳደግኩት ልጅ ነው ጋሼ፤ ጥርሱን ሳይነቅል ነው የተረከብኩት።»

«ኧረ ተነሺ! ተነሺ ልጄ፣ ነውር ነው፣ ተነሺ!»

አዛውንቱ ደንግጠው ሊያነሷት ጎንበስ አሉ። ሰው እግሩ ላይ ሲወድቅበት አጎንብሶ የማያነሳ ማን አለ? ሲያጎነብሱ ኮታቸው ተከፈተ። ቀዩ እጀታ ከፊቷ መጣ።

መዘዘችው።

የመጀመሪያው ምት መስታወቱን ጫረው እንጂ አልሰበረውም። ሁለተኛው ነጭ ነጥብ ጣለበት። አንድ ሰው ፀጉሯን ያዘ፣ ሌላው ወገቧን አነቀ። ሦስተኛውን ስትመታ መስኮቱ በሙሉ እንደ በረዶ ረግፎ ወደ ውጭ ፈሰሰ፤ የጣርማበር ጉምና ብርድም ገባ። ሁለት ወር ያልታደሰ አየር ሲተነፍሱ ለከረሙት ሰዎች ሽታው ራሱ እንግዳ ነበር፤ እርጥብ አፈርና ቅጠል።

«ክቡራን መንገደኞች» አለች እመቤት፣ ያው ድምፅ፣ ያው ትሕትና፤ «ማኅተሙ ተፈትቷል። መኪናው ወደ መነሻው ይመለሳል። ስለ ትዕግሥታችሁ እናመሰግናለን።»

ከዚያ ለቅሶው ተነሳ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየደቁ፣ ወንዶቹ ወንበር ላይ እየተደፉ፣ ሬሳ እንደወጣበት ቤት አለቀሱ። ፀጉሯን የያዛት ሰውዬ ለቀቃት። መምታትም ይችል ነበር፤ ግን እጁን እያየ ቆመ።

ትርንጎ በተሰበረው መስኮት ራሷን አውጥታ «ይመር! ይመርዬ!» ብላ ተጣራች። የመስታወቱ ድምፅ ቀስቅሶት ኖሮ ይመር ዓይኑን ገልጧል። አያት። በእንቅልፍ ልቡ የሚያያት ይመስል ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ቀጥሎ ሊነሳ ሞከረ፤ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻውን ይዞ መልሶ አስቀመጠው።

«አዲስ አበባ ጠብቀኝ! እየመጣሁ ነው! እዚያ ጠብቀኝ!»

ይስማ አይስማ አላወቀችም። ባትሪው ተቀይሮ ነበርና የእሱ መኪና ጉሙ ውስጥ ገባ። የእሷ መኪናም ቆየት ብሎ ዞረና ከኋላ ተከተለ።

ተመልሰው ሲወርዱ ያነጋገራት ሰው አልነበረም። ንፋሱ በተሰበረው መስኮት እየገባ ሁሉንም ይገርፋል። እትዬ ዘሐራ ዕቃቸውን ሰብስበው ከኋላ ወደ አንድ ባዶ ወንበር ሄዱ። ከዚያ ተመልሰው መጥተው፣ ትርንጎን ሳያዩ፣ አብረው የለበሱትን ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ወተፉት፤ አጠገቡ ያለ ሕፃን ስለበረደው ነው።

ደብረ ብርሃን ሲያልፉ ማቆያው ባዶ ሜዳ ሆኖ ታየ። የከረሙበት ቦታ ሣሩ ቢጫ ሆኗል። ጋሽ ደግፌ መጥተው ከአጠገቧ ቆሙ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «እግሬ ላይ ስትወድቂ፣ ለመለመን ነበር ወይስ ለመስረቅ?»

ትርንጎ አሰበች። ልትዋሻቸው አልፈለገችም፤ እውነቱንም ግን አላገኘችውም።

«አላውቅም ጋሼ።»

«እኔም አላወቅኩም» አሉ ጋሽ ደግፌ። «ቢያንስ አንቺ ታውቂያለሽ ብዬ ነበር።» እያረፉ፣ ወንበር እየያዙ ወደ ቦታቸው ተመለሱ።

አዲስ አበባ ሲደርሱ በሩ ተከፈተና ሁሉም ወረዱ። ትርንጎን ሁለት ሰዎች ወደ ጎን ወስደው ፊቷን መዘገቡ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ በየትኛውም የታሸገ መኪና እንዳትሳፈር መታገዷን ነገሯት። እሺ አለች። ቀሪዎቹ ጓዛቸውን ይዘው፣ ከመናኸሪያው አጥር ውጭ ሰዎች ሸራ ወጥረው ወደሚኖሩበት ወረፋ ጭራ ሲሄዱ ከኋላቸው አየቻቸው። ከዚያ ታክሲ ይዛ ይመርን ፍለጋ ሄደች።

ቀዶ ሕክምናው ከጳጉሜ በፊት ተደረገ። ይመር ዳነ። የፊቱ እብጠት ጎደለ፣ ቀለሙ ተመለሰ፤ መስቀልንም በሆስፒታሉ መስኮት የሰፈር ደመራ ሲነድ እያየ ዋለ። ሚስቱና ልጆቹ ደሴ ናቸው። ትርንጎ ልትሄድ አትችልም፤ እሱም ወረፋ ተመዝግቧል፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን ሾርባ ስታጠጣው፣ «ሰዎቹስ? አብረውሽ የነበሩት?» አላት።

«ተመለሱ» አለችው። ማንኪያውን ወደ አፉ አቀረበች።

ቁስሏ ጠገግ ሲልላት ወደ መናኸሪያው ሄደች። ጋሽ ደግፌን አላገኘቻቸውም፤ በእግራቸው ወጥተዋል አሏት፣ በሸኖ በኩል፣ ብቻቸውን፤ ከዚያ ወዲህ የሰማ የለም። እትዬ ዘሐራን ግን አገኘቻቸው። ከወረፋው መጨረሻ አካባቢ፣ ሸራ ሥር፣ ፌስታሎቻቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል። አዩዋትና ዓይናቸውን አልመለሱም።

«ዳነ?» አሉ።

«ዳነ፣ እትዬ።»

«አልሐምዱሊላህ።» ሁለት እጃቸውን ፊታቸው ላይ አሳርፈው ወደ ታች አወረዱ። «ቁጭ በይ፤ ቁስልሽ አልጠናም።»

ትርንጎ አልተቀመጠችም። መጠየቅ ፈርታ ነበር፤ ሳትጠይቅ መሄድ ደግሞ አልቻለችም። «ልጅዎስ?»

እትዬ ዘሐራ ወረፋውን እያዩ ተናገሩ። «በዚያው ሳምንት ምጥ ያዛት። ከጎረቤት በቀር ሰው አልነበረም። ሕፃኑ አለ፤ ወንድ ነው። እሷ አልፋለች።»

ትርንጎ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል እትዬ ዘሐራ እጃቸውን ዘርግተው ትከሻዋን ያዟት፤ አላስወደቋትም።

«ተይ። ይህንን ተይ። እኔ ብኖር ትተርፍ ነበር ወይ? አላህ ነው የሚያውቀው። ስተኛም ስነሳም ይህንኑ ነው የምጠይቀው፤ አንቺን ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። ሕፃኑን ጎረቤቷ ይዛልኛለች። ተራዬ ሲደርስ ሄጄ አቅፈዋለሁ። ያኔ እየሮጠ ይሆናል።»

«እትዬ...»

«እንኳን ወንድምሽ ዳነልሽ። ወላሂ ከልቤ ነው፤ ክፉ የለኝም። ከእንግዲህ ግን አትምጪብኝ።»

ከፊት በኩል ሰዎች መነሳት ጀመሩ። ወረፋው ፈቀቅ ሊል ነው። እትዬ ዘሐራ መሬቱን ተደግፈው ተነሱና ፌስታሎቻቸውን እየጎተቱ፣ ከፊታቸው ያለችውን ሴት ጀርባ ተጠግተው ቆሙ።